የሚያጠምድ ድርና የሚያለብስ ድር

(ኢዮብ 8፥13-15፤ ኢሳይያስ 59፥4-8፤ ቈላስይስ 3፥12-15)



ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ በጢቾና በአካባቢዋ ባሉት የአርሲ ደጋዎች ሁለት ነገሮች በአንድነት ይታያሉ። አንደኛው በደጅ ነው። ሌሊት የወረደው ጤዛ ገና ሳይረግፍ በገብሱና በስንዴው መካከል፥ በአጥሩና በቍጥቋጦው ላይ የተዘረጋው የሸረሪት ድር ነጭ ሆኖ ያበራል። ሁለተኛው በቤት ውስጥ ነው። ለበዓል ቤት ሲጠረግ እናቶች በረጅም እንጨት ጫፍ ላይ መጥረጊያ አስረው ከጣራው ሥር የተንጠለጠለውን ድር ያወርዳሉ። ድሩን በደጅ ስናየው ቆመን እናደንቃለን፤ በቤት ስናየው ግን እንግዳ ሳይመጣ ለማውረድ እንቸኩላለን። ሠሪዋ በሁለቱም ስፍራ ያችው ሸረሪት ናት።

ስለዚህች ታናሽ ፍጥረት ልናስተውል የወደድነው ለመደነቅ ብቻ አይደለም። አማርኛችን የሸረሪቷን ሥራና የሸማኔውን ሥራ በአንድ ስም «ድር» ብሎ ይጠራል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ ማጉን ሲያገባበት ጋቢና ነጠላ ይወጣል፤ ሰውም ከብርድ ይድናል። ሸረሪቷ ድሯን ስትዘረጋ የሚወጣው ወጥመድ ነው። ቃሉ አንድ ነው፤ ፍጻሜው ግን የተለያየ ነው። እኛም በንግግራችን፥ በጕርብትናችንና በማኅበራችን በየቀኑ ድር እንሠራለን። ስለዚህ ራሳችንን ልንጠይቅ ይገባናል፤ የምንሠራው ድር ያለብሳል ወይስ ያጠምዳል?

ሳይመረምሩ መክሰስ

ሸረሪት በብዙ ሰው ዘንድ አትወደድም። ሕፃናት ሲያይዋት ይጮኻሉ፤ ጐልማሶችም ሳያመነቱ በጫማ ይረግጧታል። በቆዳ ላይ ውሃ የቋጠረና የሚያቃጥል ሽፍታ ሲወጣም «ሸረሪት ሸናብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሽፍታ ከሌላ ምክንያት ይመጣል። አንዳንዱ በቆዳ ላይ ሳለች ከተጨፈለቀች ትንሽ ጥንዚዛ ከሚወጣ የሚያቃጥል ፈሳሽ ነው፤ አንዳንዱም በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተደብቆ ከኖረ ቫይረስ ነው። ስለዚህ ሽፍታው የወጣበት ሰው ሸረሪቷን ከመርገም ይልቅ ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄድ ይሻለዋል።

ይህን ስንል ጥንቃቄ አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። እስከ ዛሬ ሊቃውንት ከመዘገቧቸው ከ50,000 በላይ የሸረሪት ዓይነቶች መካከል ንክሻቸው ለሰው አደገኛ የሆነ ጥቂቶች አሉ። ልጆች በእጃቸው እንዳይዟት፥ የእንጨት ክምር ወይም ድንጋይ የሚያነሣም ሰው እንዲጠነቀቅ መምከር ተገቢ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች በቀር ግን የቀሩት ሰውን የሚጎዱ አይደሉም፤ እንዲያውም ይጠቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት በዓለም ያሉት ሸረሪቶች በየዓመቱ ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርሱ ነፍሳትንና ሌሎች ጥቃቅን እንስሳትን እንደሚበሉ ገምቷል።

ይህን የአርሲ ገበሬ ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ የተቋቋመውና በአጭር ስሙ «ካዱ» ይባል የነበረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ሥራ ምርጥ ዘርንና ማዳበሪያን ለገበሬው ካስተዋወቀ ወዲህ አርሲ በስንዴዋና በገብሷ የታወቀች ሆናለች። በእነዚሁ ማሳዎች ውስጥ ሸረሪት ክሽክሽንና ሌሎችንም ተባዮች ያለ ደመወዝ ስትለቅም ትውላለች። ብዙው የተባይ መድኃኒት ግን ወዳጅን ከጠላት አይለይም፤ ከመጠን በላይ ሲረጭ ተባዩንም ጠባቂይቱንም ባንድነት ይገድላል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው መልእክታቸው እያንዳንዱ ፍጥረት ለሰው ከሚሰጠው ጥቅም በላይ በእግዚአብሔር ፊት የራሱ ዋጋ እንዳለው አስተምረዋል። ሸረሪትም ከዚህ አልተለየችም።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሳይመረምሩ መክሰስ በሸረሪት ብቻ የሚቆም ልማድ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበን ነበር። ነገር ግን ከብት ሲሞት፥ ልጅ ሲታመም፥ ጣታችን ወደ ሰውም ይቀሰራል። በአገራችን ሸክላ ሠሪዋ፥ ቀጥቃጩና ሸማኔው «ቡዳ» እየተባሉ ለብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ሰው ሸማኔው የሠራውን ጋቢ ለብሶ በዓል ያከብራል፤ ሸማኔውን ግን በማዕዱ አጠገብ ማስቀመጥ ይጸየፋል። ያለበሰንን ሰው ከናቅን በላያችን ያለው ልብስ ራሱ ይመሰክርብናል።

በጨለማ የሚሠራ ሥራ

አሁን ደግሞ ወደ ሥራዋ ቀረብ ብለን እንመልከት። ክብ ድር የምትሠራው ሸረሪት የምትጀምረው በአንዲት ክር ነው። በሆዷ ጫፍ ካሉት የክር ማውጫዎች ቀጭን ክር አውጥታ ለነፋስ ትለቃለች፤ ነፋሱ ክሩን ወስዶ ከወዲያኛው ቅርንጫፍ ላይ ሲያጣብቀው ድልድይ ይሆንላታል። በዚያ ላይ እየተመላለሰች ታጠነክረዋለች። ከዚያም የዙሪያውን ክፈፍ ትሠራለች፤ እንደ ጋሪ መንኰራኵር ዘንጎችም ከመካከል ወደ ዳር ክሮችን ትዘረጋለች። ቀጥላ ከመካከል ጀምራ ወደ ዳር የማያጣብቅ ክር ትጠመጥማለች። ይህ እንደ ግንበኛ መወጣጫ ነው። በመጨረሻም ከዳር ወደ መካከል እየተመለሰች የሚያጣብቀውን ክር ትዘረጋለች፤ ወደ ውስጥ በቀረበች ቍጥርም ያንን መወጣጫ ታፈርሳለች።

ከእነዚህ ሸረሪቶች ብዙዎቹ ይህን ሁሉ የሚሠሩት በሌሊት ነው። ዓይናቸው ደካማ በመሆኑ በእግራቸው እየዳሰሱ፥ የክሩን ውጥረት እየመዘኑ ይሠራሉ። በማግስቱ ነፋስ ወይም መንገደኛ ድሩን ቢቀደው ሸረሪቷ ስፍራዋን ጥላ አትሄድም፤ ብዙ ጊዜ አሮጌውን ክር ራሷ በልታ ከዚያው አዲሱን ታወጣለች። እናት በማለዳ ተነሥታ እሳት እንደምታነድ፥ ትናንትም እንዳነደደች፥ ነገም እንደምታነድ፥ የሸረሪቷም ሥራ እንዲሁ በየዕለቱ የሚታደስ ነው።

ክሩ ለዓይን ቢደክምም ከአረብ ብረት ጋር ክብደት ለክብደት ሲመዛዘን ጥንካሬው ይበልጣል። በማዳጋስካር ደሴት የምትኖርና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2010 ለዓለም ያስተዋወቋት አንዲት ሸረሪት ከወንዝ ዳር ወደ ወንዝ ዳር 25 ሜትር የሚደርስ ክር ዘርግታ ድሯን ከውሃው በላይ ትሰቅላለች። ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ምርምር እንዳሳየው በድሩ ላይ ከባድ ነገር ሲወድቅ የሚበጠሰው በዚያው ስፍራ ያለው ጥቂት ክር ነው፤ የቀረው ድር ሳይፈርስ ይቆማል። በአንድ ስፍራ የደረሰው ጉዳት ሁሉን ይዞ አይወድቅም። በአንድ ሰው ጥፋት ምክንያት ዘመድን፥ ጎሣን ወይም ሃይማኖትን በሙሉ የሚያወግዝ ሰው ከዚህ ድር ቢማር ምንኛ በተጠቀመ!

መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ድር የሚለው

ቅዱሳት መጻሕፍት የሸረሪትን ድር የሚጠቅሱት ለማስጠንቀቅ ነው። በመጽሐፈ ኢዮብ በልዳዶስ እግዚአብሔርን የሚረሳ ሰው ተስፋው እንደ ሸረሪት ቤት እንደሚሆን ይናገራል፤ ቢደገፍበት አይቆምለትም። በግእዙ መዝሙረ ዳዊት በ89ኛው መዝሙር የሰው ዕድሜ በሣሬት፥ ማለትም በሸረሪት ተመስሏል፤ ዘመናችን እንደ ድሯ ቀጭንና ፈጥኖ የሚጠፋ ነውና። ነቢዩ ኢሳይያስም ሐሰት የሚናገሩትንና ንጹሕ ደም ለማፍሰስ የሚቸኩሉትን ሲገሥጽ የሸረሪት ድር እንደሚያደሩ፥ ድራቸውም ልብስ እንደማይሆናቸው ይነግራቸዋል።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ መጽሐፉ የሚወቅሰው ሸረሪቷን አይደለም። እርሷ ፈጣሪዋ የሰጣትን ሥራ ትሠራለች። የሚወቀሰው ወጥመድ እየሠራ ልብስ የሠራ የሚመስለው፥ ድርን እንደ ግድግዳ የሚደገፍ ሰው ነው። በገንዘቡ፥ በወገኑ ብዛት ወይም በሹመቱ ተማምኖ ጎረቤቱን የሚያጠምድ ሰው ብርድ ሲመጣ የሚለብሰው አያገኝም።

የሸረሪት ክር ልብስ የሆነበትም ጊዜ ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ከተማ በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር አንድ ወርቅማ ካባ ለሕዝብ ታይቶ ነበር። ካባው የተሠራው በማዳጋስካር ከ1.2 ሚሊዮን ሸረሪቶች ከተወሰደ ክር ነው። ሠራተኞች ሸረሪቶቹን ከየዛፉ ሰብስበው፥ ክሩን ከሆዳቸው በዝግታ ስበው፥ ወደ ዱር መልሰው ይለቋቸው ነበር፤ ሸማኔዎችና ጥልፍ ሠሪዎችም ክሩን ተቀብለው ካባውን ሠሩት። ክሩ ያው የሸረሪት ክር ነው። ወጥመድ ሊሆን የነበረው በሸማኔ እጅ ሲገባ ልብስ ሆነ።

ጸጋ የምንለው ይህንኑ የመሰለውን ሥራ ነው። እግዚአብሔር አንደበታችንን ቈርጦ ሌላ አንደበት አይተክልልንም፤ ለሐሜት የነበረውን ለማጽናናት ያውለዋል። ሰውን ለማሳደም የምናውቅበት ብልሃት ሰውን ለማስታረቅ ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ሰዎች ምሕረትን፥ ቸርነትን፥ ትሕትናን፥ የዋህነትንና ትዕግሥትን እንዲለብሱ፥ ከሁሉም በላይ ሁሉን የሚያያይዘውን ፍቅርን እንዲጨምሩ ሲመክር ስለዚህ ልብስ መናገሩ ነው። ይህ ልብስ የሚሸመነው በእኛ ክር ነው፤ ሸማኔው ግን ክርስቶስ ነው። ክራችንን በምሥጢረ ንስሐ ካልሰጠነው ግን በእጃችን እንደ ቀረ ወጥመድ ሆኖ ይኖራል።

አንበሳው ማን ነው?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ምሳሌ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ትምህርት ቤት ሲሠራ፥ ዕድር ሲቋቋም፥ ደቦ ሲወጣ ይነገራል፤ እውነትም ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በአልባኒያና በግሪክ ወሰን ላይ ባለ አንድ ጨለማ ዋሻ ውስጥ ከ100 ካሬ ሜትር በላይ የሚሸፍን ድር መገኘቱን ሊቃውንት አስታውቀዋል። በውስጡ በግምት ከ110,000 በላይ የሚሆኑ የሁለት ዓይነት ሸረሪቶች ባንድነት ይኖራሉ። በደጅ ቢሆን ብቻቸውን የሚኖሩ፥ ትልቁም ዓይነት ትንሹን ሊበላ ይችል የነበረ ፍጥረታት በዚያ አብረው ድር ያደራሉ።

ዳሩ ግን ምሳሌውን ከመድገማችን በፊት «አንበሳው ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ። ረኃብ አንበሳ ነው፤ በሽታ አንበሳ ነው፤ ድንቍርናና ጥላቻ አንበሶች ናቸው። እነዚህን ለማሰር ቢያብሩ የተባረከ ነው። ሰዎች ጎረቤታቸውን አንበሳ አድርገው ስለው በእርሱ ላይ ሲያብሩ ግን ድራቸው ኢሳይያስ የገሠጸው ድር ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዚሁ በአርሲ በሽርካ ወረዳ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተገድለዋል። ሐዘኑ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ነው። እንዲህ ያለው ቀን ካለፈ በኋላም ወሬ ከደጃፍ ወደ ደጃፍ፥ ዛሬም በየእጃችን ባለው ስልክ፥ ክሩን ይዘረጋል። «እነ እገሌ ናቸው» ይላል፤ ማስረጃ አይሰጥም። የሰማነውን ሳንመረምር ስናስተላልፍ ያንን ክር ራሳችን እናጣብቃለን፤ የሚያዝበትም ንጹሕ ሰው ነው።

በዋሻው በር ላይ

ስለ ድር የተነገረ ሌላ ዓይነት ታሪክም አለ። ቤተ ክርስቲያናችን የኖላውን ቅዱስ ፊልክስን ታስባለች። በሮማዊው ንጉሥ በዴክዮስ ዘመን፥ እ.ኤ.አ. በ250 ገደማ፥ ክርስቲያኖች ሲሳደዱ ይህ ካህን በፈረሰ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ ተሸሸገ። ትውፊቱ እንደሚለው ሸረሪት በመግቢያው ላይ ፈጥና አደራችበት፤ አሳዳጆቹም ድሩን አይተው ሰው ያልገባበት መስሏቸው አለፉ። ኋላ የኖላ ጳጳስ የሆነው ቅዱስ ጳውሊኖስ ይህን ታሪክ ጽፎልናል፤ እግዚአብሔር ሲጠብቅ ድርም ከግንብ እንደሚሻል ያስተምርበታል።

በአርሲ በብዛት የሚኖሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይህን የመሰለ ትውፊት አላቸው። ነቢዩ መሐመድ እ.ኤ.አ. በ622 ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ በሰውር ዋሻ ተሸሽገው ሳለ ሸረሪት በዋሻው በር ላይ እንዳደራች ይተርካሉ። በቁርኣን 29ኛው ምዕራፍ በሸረሪት ስም ይጠራል፤ በውስጡም ከመጽሐፈ ኢዮብ ጋር በሚቀራረብ አነጋገር የሸረሪት ቤት ከቤቶች ሁሉ ደካማው መሆኑ ይነገራል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫው ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ያለፈውን ጠብ ትተው ለመግባባት ከልብ እንዲጥሩ፥ ለሰላምና ለፍትሕም በአንድነት እንዲሠሩ አሳስቧል። በጢቾ ገበያ አንድ መደብ ላይ አብረን የምንገዛና የምንሸጥ ሰዎች ይህን የሚመስል ታሪክ በየቤታችን እያለን እንደማንተዋወቅ መሆን አይገባንም።

ሁለቱም ታሪኮች ስለሚታደድ ሰው ይናገራሉ። ሸረሪቷ ሰይፍ አላነሣችም፤ ከአሳዳጆቹም ጋር አልተሟገተችም። ያላትን ቀጭን ክር በበሩ ላይ ዘረጋች፤ የሰው ነፍስም ተረፈች። ሁከት ሲነሣ ጎረቤቱን በጓዳው የሚሸሽግ፥ «በዚህ የሚፈለግ ሰው የለም፤ እናንተም ወደየቤታችሁ ተመለሱ» ብሎ በደጁ የሚቆም ሰው ይህን ድር ይሠራል። ኀይሉ ትንሽ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ዋጋ ያስከፍለዋል። ጌታችን ግን ተርቦ፥ ታርዞ፥ እንግዳ ሆኖ የመጣው እርሱ ራሱ እንደ ነበረ በመጨረሻው ቀን ይነግረዋል (ማቴዎስ 25፥31-46)።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

ይህን ትምህርት ለልጆችና ለወጣቶች ስታቀርቡ በቃል ብቻ እንዳይቀር ሦስት ነገሮችን እንድታደርጉ እንመክራችኋለን።

በመጀመሪያ፥ ጤዛ ባለበት ማለዳ ልጆቹን ወደ አጥሩ አውጧቸው። ድሩን ሳይነኩ ክሮቹን ይቍጠሩ፤ የትኛው ክር ምን እንደሚሠራ ይጠይቁ። ከመፍራትና ከመርገጥ በፊት መመልከትን ይልመዱ፤ ፍጥረትን ማየት የለመደ ልጅ ሰውንም ሳያይ አይፈርድም።

ሁለተኛ፥ ወጣቶቹ ለአንድ ሳምንት የሰሙትን ወሬ ሁሉ «ማን አየ? ማንን ይጎዳል? ለሚመለከተው ሰው በፊቱ ልናገረው እችላለሁን?» ብለው ሳይጠይቁ ለሌላ እንዳያስተላልፉ ቃል ይግቡ። በሳምንቱ መጨረሻ ስንት ወሬ በእነርሱ ዘንድ እንደ ቀረ ይነጋገሩ።

ሦስተኛ፥ ታላላቆች ከዕድራቸው ወይም ከመንደራቸው ክሩ የተበጠሰበትን አንድ ሰው ያስቡ። ሸረሪቷ የተቀደደውን ለነገ እንደማታሳድር፥ እነርሱም ይህ ወር ሳያልቅ ወደዚያ ሰው ደጃፍ ይሂዱ። ሽማግሌ ካስፈለገ ሽማግሌ ይዘው፥ ካላስፈለገም ብቻቸውን ሄደው ሰላም ይበሉ።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ቤታችንን ስንጠርግ ከጣራው ሥር ያለውን ድር ማውረዳችን አይቀርም፤ ንጽሕና መልካም ነውና። መጥረጊያውን ስናነሣ ግን በልባችን ጣራ ሥር ያደራውንም እናስታውስ። ያ ድር በእንጨት ጫፍ አይወርድም፤ በንስሐ፥ በይቅርታና በየዕለቱ በሚታደስ ትዕግሥት ይወርዳል።

ለሸረሪቷ ክርን፥ ለሸማኔው ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር ክራችንን ከወጥመድ ሥራ መልሶ የታረዘ የሚለብሰው፥ የታደደም የሚጠለልበት ያድርግልን። በአርሲ ደጋም ሆነ በመላው አገራችን የተበጠሰውን እርሱ ይቀጥል። በእመቤታችን በቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት ሰላሙን ይስጠን። አሜን።